ሸክሙን ለክተናል፣ ምሰሶውንስ?

«ስትረስ» የሚለውን ቃል ዛሬ የማይጠቀም የለም። ተማሪው በፈተና ሰሞን፣ ሹፌሩ መንገድ ሲዘጋበት፣ ተከራዩ ወር ሲደርስ፣ ሁሉም «ስትረስ ላይ ነኝ» ይላል። ቃሉ ግን ወደ ሕክምናው ዓለም የመጣው ከእኛ ሰፈር፣ ከምህንድስና ነው። (የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ትንሽ ብኮራ አትፍረዱብኝ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቅ የተሸከመ አንድ የኮንክሪት ኮለን አስቡ። ከላይ የሚመጣው ጭነት በኮለኑ ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ስትረስ ይባላል። ኮለኑ በዚህ የተነሳ ዓይን በማያየው መጠን ሲያጥር ደግሞ ያ የቅርጽ ለውጥ ስትሬይን ይባላል። መሐንዲስ ታዲያ ጭነቱን ብቻ አስልቶ ሥራዬን ጨረስኩ አይልም። ኮለኑ ስንት ፌሮ አለው? ኮንክሪቱ ምን ያህል ጠንካራ ነው? ከጎን የሚይዘው ቢም አለ ወይ? ብሎ ይጠይቃል። ሃያ ቶን ለአንዱ ኮለን ምንም ነው፤ ለሌላው መፍረሻው ነው።

የሆስፒታል ሠራተኞችን ጭንቀት ለመለካት የሞከሩ ሰዎች ታሪክም በዚህ ዓይን ሲታይ አንድ ነገር ቶሎ ያስታውቃል። ለብዙ ዓመታት የተለካው ጭነቱ ነበር። የሚሸከመውን፣ የሚደግፈውን፣ ሰውን የሚጠብቀውን ነገር ለመለካት ብዙ ቆይቷል። በአገራችን ደግሞ ገና ብዙ ይቀረዋል። (ከዚህ በኋላ የማነሳቸው ዓመታት፣ ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ኮልፌ ቀራንዮ እንሂድ። ዘነበወርቅ የሚባለውን ሰፈር ታውቁት ይሆናል። ስሙን ያገኘው በንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተጠራው ሆስፒታል ነው። በ1930ዎቹ የተቋቋመው ይህ ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ታካሚዎች ብዙዎቹ ወደ ቀያቸው አልተመለሱም። እዚያው ዙሪያውን ጎጆ ቀልሰው፣ ልጅ ወልደው፣ ሰፈር መሠረቱ። በ1965 በዚሁ ቦታ ላይ አለርት ተቋቋመ። ስሙ ሲተነተን የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛ ማዕከል ማለት ነው። በ1970 ገደማ ደግሞ የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም በዚያው ግቢ ሥራ ጀመረ። አለርት ዛሬ የቆዳ፣ የዓይን፣ የቀዶ ሕክምናና ሌሎችም አገልግሎቶች የሚሰጡበት ትልቅ ሆስፒታል ነው።

እስቲ አሁን በ1960ዎቹ መጨረሻ አለርት የተቀጠረች ወጣት ነርስ ሆናችሁ አስቡ። ቤት ገብታችሁ «ሥራ አገኘሁ» ስትሉ እናት «የት?» ትላለች። መልሱን ስትሰማ ፊቷ ምን እንደሚመስል መገመት አይከብድም። በሽታው እርግማን ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ ታማሚውን የነካም አብሮ ይፈራል። እናንተም ብትሆኑ ጠዋት ጠዋት ቁስል ስታጥቡ ውስጣችሁ አይረበሽም ማለት አይቻልም። ጭነቱ ይሄ ነው።

ታዲያ ምን ያቆማችኋል? አንደኛው መልስ ከተቋሙ ስም ውስጥ አለ፤ ሥልጠና። የኖርዌዩ ሐኪም ጌርሃርድ አርማወር ሃንሰን የበሽታውን ባክቴሪያ ያየው በ1873 ነው። ያ ግኝት ያስከተለው ዕውቀት አንድ ነርስ ልብ ውስጥ ሲገባ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። በሽታው እርግማን ሳይሆን ባክቴሪያ ነው፤ በቀላሉ አይተላለፍም፤ አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው ይቋቋመዋል፤ መድኃኒት አለው። ይህን የምታውቅና የማታውቅ ሁለት ነርሶች ጎን ለጎን ቆመው አንድ ዓይነት ቁስል ያጥባሉ። ጭነቱ እኩል ነው፤ ኮለኑ ግን አንድ አይደለም። እንግዲህ ይህን ልዩነት በቁጥር ማስቀመጥ ይቻላል ወይ? ነው ጥያቄው።

መጀመሪያ ላይ ማንም እንዲህ አልጠየቀም። በ1936 ሃንስ ሴልዬ የተባለ የሃንጋሪ ዝርያ ያለው ተመራማሪ ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ ሆኖ ስለ አይጦች አንድ አጭር ጽሑፍ «ኔቸር» መጽሔት ላይ አወጣ። አይጦቹን ብርድ ላይ አስቀመጣቸው፣ ከልክ በላይ አሯሯጣቸው፣ ልዩ ልዩ ነገር ወጋቸው። የጉዳቱ ዓይነት ቢለያይም ሰውነታቸው የሰጠው መልስ ተመሳሳይ ሆነ፤ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ አበጠ፣ ጨጓራቸው ቆሰለ። በኋላ ይህን ሁኔታ «ስትረስ» አለው። ለነገሩ በእኛ ቋንቋ ካየነው እሱ የተመለከተው ወደ ስትሬይን የሚቀርበውን ነው፤ ጭነት በአካል ላይ ያመጣውን ለውጥ። ቃላቱ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንደተደባለቁ አሉ።

ወደ ሆስፒታል ነርሶች ስንመጣ የ1950ዎቹ መጨረሻ ለንደን ደስ የሚል ታሪክ አለው፤ ደስ የሚለው ለአንባቢ ነው እንጂ ለነርሶቹ አልነበረም። ኢዛቤል ሜንዚስ የምትባል የሥነ ልቦና ባለሙያ አንድ ትልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታል ገብታ የነርስ ተማሪዎቹን አሠራር አጠናች። ሆስፒታሉ ነርሶቹን ከጭንቀት ለመጠበቅ ያወጣቸው ልማዶች ነበሩት። አንዲት ነርስ ከአንድ ታካሚ ጋር እንዳትቀራረብ ሥራው በቁርጥራጭ ይከፋፈላል፤ አንዷ ለሁሉም ሙቀት ትለካለች፣ ሌላዋ ለሁሉም አልጋ ታነጥፋለች። ታካሚው በስሙ ሳይሆን በአልጋ ቁጥሩ ወይም በታመመው የሰውነት ክፍሉ ይጠራል። ውሳኔ ሁሉ ወደ ላይ ይላካል። ሜንዚስ ያገኘችው ነገር ግን ተቃራኒውን ነው፤ ልማዶቹ ጭንቀቱን አላቀለሉትም፣ እንዲያውም አበዙት። ከተማሪዎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ሳይጨርሱ ጥለው ይሄዱ ነበር። እነዚያን ተማሪዎች ከታካሚው ጋር መቀራረብ አልነበረም የሰበራቸው፤ የሥራው ትርጉም እጃቸው ላይ መበጣጠሱ ነው። ሜንዚስ መጠይቅ አልበተነችም፤ ቁጥርም አልነበራትም። ሆኖም ለእኔ የዚህ ታሪክ እውነተኛ መነሻ እሷ ናት፤ ጭንቀቱ ከነርሷ ባሕርይ ብቻ ሳይሆን ከሥራው አደረጃጀት እንደሚመጣ ያሳየች ናትና።

ከዚያ የመጠይቁ ዘመን መጣ። በ1974 ኸርበርት ፍሮይደንበርገር በነጻ ክሊኒክ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ቀስ በቀስ ነድደው ሲያልቁ አይቶ ስለ ሥራ ዝለት ጻፈ። በ1981 ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን ያንን ዝለት የሚለካ መጠይቅ አወጡ። በዚያው ዓመት ፓሜላ ግሬይ-ቶፍትና ጄምስ አንደርሰን 34 ጥያቄ ያለው የነርሶች ጭንቀት መለኪያ አሳተሙ። ይህኛው ብዙ አገር ተዳርሷል፤ ተዘርግቶ የተሻሻለው ቅጂው እኛም አገር ገብቷል። መለኪያው ሰባት ክፍል አለው፤ የታካሚ ሞት፣ ከሐኪም ጋር ግጭት፣ የሥራ ብዛት እያለ ይቀጥላል። ከሰባቱ አንዱ «የድጋፍ እጦት» ነው። አያችሁ? ድጋፍ ወደ መለኪያው የገባው በእጦቱ በኩል ነው። ኮለኑን ሳይሆን ኮለኑ የጎደለበትን ባዶ ቦታ እንደመለካት ማለት ነው።

ምሰሶውን በራሱ ስም የጠራው ሮበርት ካራሴክ ነው። በ1979 የአሜሪካና የስዊድን ሠራተኞችን መረጃ ይዞ ቀላል ግን ከባድ ሐሳብ አቀረበ። ሥራ መብዛቱ ብቻውን ሰውን አይሰብርም፤ የሚሰብረው ሥራው በዝቶ ሠራተኛው ስለ ሥራው መወሰን ሲያቅተው ነው። የመወሰን ዐቅሙን ደግሞ ለሁለት ከፈለው፤ አንደኛው ሙያን የመማርና የመጠቀም ዕድል፣ ሁለተኛው ሥልጣን። የአለርቷን ነርስ አስታውሱ። ሥልጠናዋ በካራሴክ መለኪያ የመጀመሪያው ላይ ነጥብ ያስገኝላት ነበር። ካራሴክ ለሸክሙ ውጤት የመረጠው ቃል ምን እንደሆነ ገምቱ፤ ስትሬይን! በመጨረሻ አንድ ሰው ቃሉን ቦታው ላይ አዋለው።

በ1988 ጄፍሪ ጆንሰንና ኤለን ሆል ሦስተኛ ነገር ጨመሩበት፤ ሰው። የ13,779 ስዊድናውያን ሠራተኞችን መረጃ ሲመረምሩ ሥራ የበዛባቸው፣ የመወሰን ዕድል ያነሳቸውና ከሥራ ባልደረባ የተነጠሉት ላይ የልብና የደም ሥር ሕመም በዝቶ አገኙ። የሥራ ባልደረባ፣ ማለትም አብሮ ቡና የሚጠጣው፣ «አንቺ ሂጂ፣ እኔ እሸፍንልሻለሁ» የሚለው ሰው፣ ልክ እንደ ደም ግፊት በቁጥር የሚገባ ነገር ሆነ። ዮሐንስ ዚግሪስት የተባለ ተመራማሪ ደግሞ በ1996 ሚዛን አመጣ። በአንድ በኩል የምትከፍሉት ልፋት፣ በሌላ በኩል የምታገኙት ደመወዝ፣ ክብርና የሥራ ዋስትና። ሚዛኑ ለረጅም ጊዜ ካዘመመ ሰው ይታመማል አለ። ይህን ለማስረዳት እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በርካታ የአገራችን የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ጥያቄ ሥራ አቁመው ነበር።

ከሁሉም የምወደው የአሜሪካኖቹን ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እዚያ የነርስ እጥረት ነበር፤ ሆስፒታሎች ነርስ ቀጥረው ማቆየት አቃታቸው። ሁሉም «ለምን ይሄዳሉ?» እያለ ሲጠይቅ የአሜሪካ የነርሲንግ አካዳሚ ጥያቄውን ገለበጠው፤ «ነርሶች የማይለቋቸው ሆስፒታሎች የትኞቹ ናቸው? እዚያስ ምን አለ?» ከ163 ሆስፒታሎች 41 ተመረጡ፤ ውጤቱ በ1983 ወጣ። ነርስ እንደ ማግኔት ይስባሉ ተብለው ማግኔት ሆስፒታል ተባሉ። ከእነሱ የተገኘው ዕውቀት እየተጣራ ሄዶ በ2002 አይሊን ሌክ 31 ጥያቄ ያለው መለኪያ አደረገችው። ነርሷ በሆስፒታሉ ጉዳይ ትሳተፋለች ወይ? ለጥሩ ሕክምና የሚያበቃ አሠራር አለ? ኃላፊዋ ትደግፋታለች? በቂ ሰውና ዕቃ አለ? ሐኪምና ነርስ ይከባበራሉ? አምስቱም ምሰሶዎች ናቸው። ስለ ጭንቀት አንድም ቃል የለም።

በዚያው ዓመት ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ ከፔንሲልቬንያ 168 ሆስፒታሎች ያገኙትን አሳተሙ። አንዲት ነርስ ከምትንከባከባቸው ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር የነርሷ የመዛል ዕድል በ23 በመቶ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ታካሚ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ ደግሞ በ7 በመቶ ከፍ ይላል። ስለዚህ ነገሩ የነርሷ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። አልጋው ላይ ያለው የእናንተ አባት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የመለካቱን ሥራ ራሱን ላስረዳ፤ ብዙ ሰው መጠይቅ ሲባል ይንቃልና። «ሰው የመሰለውን ሞልቶ የሚመልሰው ወረቀት እንዴት ሳይንስ ይሆናል?» ትሉ ይሆናል። ድልድይ ላይ ስትሬይን የምንለካበት መሣሪያ አለ፤ ስትሬይን ጌጅ ይባላል፣ የተፈለሰፈው በ1938 ነው። ቀጭን ሽቦ ወይም ስስ ብረት ነው፤ ብረቱ ላይ ይለጠፋል። ብረቱ ሲለጠጥ ሽቦው አብሮ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ባሕርዩ ጥቂት ይለወጣል። እኛ የምናነበው ያቺን የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው። መለጠጡን በዓይናችን አላየንም፤ ከሚታየው ተነስተን የማይታየውን አሰላን። መጠይቅም ይኸው ነው። «ድጋፍ» አይታይም፤ የሚታየው የስድስት ሰባት ጥያቄዎች መልስ ነው። ስለ አንድ ነገር በተለያየ አባባል ትጠይቃላችሁ፤ መልሶቹ አብረው ከወጡና ከወረዱ አንድ ነገር እየለኩ ነው ማለት ነው። ሊ ክሮንባክ በ1951 ለዚህ የሚሆን ቀመር ሰጥቷል፤ ዛሬም በየጥናቱ አለ።

ታዲያ ስትሬይን ጌጅ አንድ ጣጣ አለው። ሙቀት ሲለወጥም ንባቡ ይለወጣል። ድልድዩ ላይ ምንም ሳይጫን፣ ፀሐይ ስለወጣ ብቻ ቁጥሩ ይዘላል። ልምድ ያለው ሰው ይህን ስለሚያውቅ ጭነት የማይነካው ሁለተኛ ጌጅ አጠገቡ ያስቀምጥና የሙቀቱን ድርሻ ይቀንሳል።

እኛ አገር ሙቀቱ ምንድን ነው? ይሉኝታ ነው። አንድን ሰው «እንዴት ነህ?» ስትሉት «ተመስገን» ይላችኋል፤ ቤቱ ቢቃጠልም ተመስገን ነው። ሲስተር ከሌሊት ተረኝነት ወጥታ ዓይኗ ደም ለብሶ «ደህና ነኝ፣ ምን እሆናለሁ» ትላለች። «ኃላፊዎ ይደግፉዎታል?» የሚል ጥያቄ ስትሰጧት ደግሞ ወረቀቱን የሚሰበስበው ማን እንደሆነ ታያለች። ስም አይጻፍም ተብሏል፤ ግን ዕድሜ፣ ጾታ፣ የሥራ ዘመንና የምትሠራበት ክፍል ይሞላል። ስድስት ነርስ ባለበት ዋርድ ይሄ ስም ከመጻፍ በምን ይለያል?

የትርጉም ጣጣም አለ። የካራሴክን ዋና ቃል ውሰዱ። በእንግሊዝኛ «ኮንትሮል» ነው፤ ሠራተኛው በሥራው ላይ ያለው አዛዥነት ማለት ነው። መዝገበ ቃላት ይዞ የሚተረጉም ሰው «ቁጥጥር» ይለዋል። «በሥራዎ ላይ ምን ያህል ቁጥጥር አለ?» አያችሁ የሆነውን? በአማርኛ ቁጥጥር ማለት ሌላው እኔን የሚቆጣጠረኝ ነው። «በጣም አለ» ብላ የመለሰች ነርስ «መፈናፈኛ የለኝም» ማለቷ ይሆናል፤ ኮምፒውተሩ ግን ነጻነት አላት ብሎ ይመዘግባታል። ምልክቱ ተገለበጠ።

ይህ ከእኔ የመጣ ሥጋት ብቻ አይደለም። ቡታጅራ ውስጥ በ2008 የታተመ ጥናት ከወሊድ በፊትና በኋላ የሚመጣን የአእምሮ ጭንቀት የሚለኩ ሁለት መጠይቆችን በአማርኛ ፈትኖ ነበር። አንዱ ብሪታንያ ውስጥ የተሠራውና በዓለም የታወቀው የኤድንብራ መጠይቅ ነው፤ የታመመችውን እናት ካልታመመችው በመለየት ደካማ ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ አዎ ወይም አይደለም ብቻ የሚመለስበት ባለ 20 ጥያቄው መጠይቅ ከእሱ የተሻለ ሠራ። ዝነኛ መለኪያ ሁሉ እኛ ጋ ይሠራል ማለት አይደለም።

የነርሶችን ጭንቀት በተመለከተ እኛ አገር የተሠራው ጥቂት አይደለም። በ2014 የአዲስ አበባ የመንግሥት ሆስፒታሎች ነርሶችን ያየ ጥናት ከሦስቱ ከአንዱ በላይ የሥራ ጭንቀት እንዳለባቸው አገኘ። በ2016 በጅማ ዞን ሆስፒታሎች የተሠራው ደግሞ ቅድም ያልኩትን የተዘረጋ መለኪያ ተጠቅሞ ከሁሉ የከበደው የታካሚ ሞትና ከሞት ጋር መጋፈጥ መሆኑን አሳየ። ጠቃሚ ሥራዎች ናቸው። ግን ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ጥናቶች ሸክሙን ከለኩ በኋላ ከዕድሜ፣ ከጾታና ከትዳር ሁኔታ ጋር ያነጻጽሩታል። እሺ፣ ያላገቡት ይበልጥ ተጨነቁ እንበል። ሆስፒታሉ ምን ያድርግ? ይዳር? ሞትንስ ከሆስፒታል ማስወጣት ይችላል? በሞት ፊት ለቆመች ነርስ ግን ሊያደርግ የሚችለው ብዙ ነገር አለ፤ ያንን ለማወቅ ደግሞ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ2001 ኢቫንጌሊያ ዴሜሩቲና ባልደረቦቿ ያሳዩት ይህንኑ ነው። ሸክም ሲበዛ ሰው ይዝላል፤ ድጋፍ ሲጠፋ ደግሞ ልቡ ከሥራው ይርቃል። ሁለቱ በተለያየ መንገድ ስለሚመጡ አንዱን ለክቶ ሌላውን መገመት አይቻልም።

በኮልፌ ቀራንዮ ላለ ሆስፒታል መለኪያ የሚሠራ ሰው ታዲያ ከየት ይጀምር? እኔ ብሆን ከተተረጎመ ወረቀት በፊት ከነርሶች፣ ከጽዳት ሠራተኞች፣ ከካርድ ክፍልና ከላብራቶሪ ሰዎች ጋር ቁጭ ብዬ «የከበደ ቀን ያለፋችሁት በምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልሱ በነሱ ቃል ይመጣል፤ «ልቤ ውልቅ ሲል እገሊት ጋ እሄዳለሁ» ዓይነት። የሠራተኛው ዕድር ይነሳል፤ እቁቡ ይነሳል። በየትኛውም የውጭ መጠይቅ ውስጥ ዕድር የለም፤ ሐዘን ላይ የተቀመጠች ነርስን ግን በሦስተኛው ቀን ወደ ሥራ የሚመልሳት እሱ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጥያቄዎቹን እጽፋለሁ፤ ስሜትን ሳይሆን የሆነውን ነገር የሚጠይቁ፣ ይሉኝታ የማይዛቸው። «ኃላፊዎ ይደግፉዎታል?» ሳይሆን እንዲህ፦

ባለፉት ሁለት ሳምንታት ጓንት አልቆ ያለ ጓንት ሠርተሻል? ከሌሊቱ 9 ሰዓት ታካሚ ቢብስብሽ ደውለሽ የምታገኚው ሐኪም አለ? ባለፈው ወር የፈረቃ ፕሮግራምሽ ሳትጠየቂ ተለውጧል? ታካሚ ሲሞትብሽ በዚያ ቀን ያናገረሽ የሥራ ባልደረባ ነበር? ማታ ከሥራ ስትወጪ ቤትሽ ድረስ የሚያደርስሽ ሰርቪስ አለ?